ዊንቹ ይቆይ፣ ቴስቲናው ይቅደም

ቅዳሜ ጠዋት ከሲያትል ተነስቶ በአይ 90 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው መደብር የተሸከሙ መኪኖች ያያል። አንዱ ታኮማ ጣሪያው ላይ ድንኳን አጥፎ ጭኗል። አንዱ ጂፕ የብረት ፓራውልቱ ላይ ዊንች አስሯል። ፎርራነሩ ደግሞ በአንድ ጎኑ አካፋ፣ በሌላው ብርቱካናማ የጭቃ ሰሌዳ ለጥፏል። አብዛኞቹ 921 ሜትር ከፍታ ያለውን የስኖኳልሚ ማለፊያ በአስፋልት ወጥተው፣ በአስፋልት ወርደው፣ ክሊ ኤለም ላይ ቡና ጠጥተው ይመለሳሉ።

ይሄው አምሮት ከቼሪ ጎዳና እስከ ሬኒየር ባለው የሐበሻ ሰፈርም ገብቷል። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የሚውለው ሾፌር እሑድን ከቤተሰቡ ጋር ጫካ ማሳለፍ ቢፈልግ የሚገርም ነገር የለውም። የሚገርመው የወጪው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚገዛው የሚታየው ዕቃ ነው፤ የማይታየው፣ ሥር ያለው፣ ዘይት የሚያንጠባጥበው ወደ ኋላ ይቀራል።

የእኛ አገር ሾፌር ግን እንዲህ አልነበረም። ወደ ኤርታሌ ቱሪስት ሲያመላልሱ የኖሩት ላንድክሩዘሮች ፖርቶ መጋላቸው ላይ የሚጭኑት የታወቀ ነው፤ ፍራሽ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን፣ ስኮርት ጎማና ገመድ። ሾፌሩ ማታ ላይ ክሪኩን አውጥቶ ከመኪናው ሥር ይገባል፤ ጠዋት የላላ ብሎን ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። የረገፈ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የሚነዳ ሰው መኪናውን የሚያምነው ስላጌጠ ሳይሆን ትናንት ስላየው ነው።

ሒሳቡን ቁጭ ብለን እንየው። እንበልና አንድ አባወራ 1999 ሞዴል ፎርራነር አለው፤ ለጉዞ ማዘጋጃ ደግሞ 3,000 ዶላር መድቧል። ይሄ ገንዘብ አንድ የብረት ፓራውልትና አንድ ደህና ዊንች ገዝቶ ሊያልቅ ይችላል። ወይም ሙሉ መኪና ያዘጋጃል።

የመጀመሪያው 1,000 ዶላር ጥገና ላይ ይውላል። የዚህ ዘመን ፎርራነር ሁለት ድካሞች በመካኒኮች ዘንድ የታወቁ ናቸው። አንደኛው የፊት እግሩ የታችኛው ቴስቲና ነው፤ አልቆ ሲለቅ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፣ መኪናውም በአፍንጫው ይወድቃል። ሁለተኛው ራዲያተሩ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዝበት ቱቦ ያለው እዚያው ራዲያተሩ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ውሃና ዘይቱ ይቀላቀላሉ። ክዳኑን የከፈተ ሰው እንጆሪ ጭማቂ የመሰለ ሮዝ ፈሳሽ ካየ ካምቢዮው አደጋ ላይ ነው። አዲስ ራዲያተር ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ካምቢዮ ግን ሺዎች ይበላል። ባለ 3.4 ሊትር ሞተሩ ደግሞ በየ90,000 ማይሉ የታይሚንግ ችንጋ መቀየር አለበት። ይሄ ሁሉ ፎቶ ላይ አይወጣም። ጫካ ውስጥ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ፣ ሰውን ወደ ቤቱ የሚመልሰው ግን ይሄው ነው።

ሁለተኛው 1,100 ዶላር የአራት ጎማ ነው። ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን፣ ጎኑ ላይ የሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበት ጎማ ይመረጣል፤ ምልክቱ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን ያሳያል። መጠኑ ግን ፋብሪካው የሰጠው ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለ 31 ኢንች ጎማውን በ33 የለወጠ ሰው ፍጥነት መለኪያው 60 ሲል በእውነት የሚነዳው 64 ማይል ገደማ ነው። ጎማው መሪ ሲጠመዘዝ ገላውን ይነካል፤ ስለዚህ መኪናው ከፍ መደረግ አለበት። ከፍ ሲል የፊት እግሩ ማዕዘን ይለወጣል። ሞተሩ ይደክማል፣ ቤንዚኑ ይጨምራል። ጎማው ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ የዋሽንግተን ሕግ መከለያው የጎማውን ጥርስ በሙሉ እንዲሸፍን ያዛል። ሁለት ኢንች ፈልጎ የገባ ሰው አምስት ወጪ ይዞ ይወጣል።

ጎማን ማሳደግ ሳያስፈልግ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ነፋስ ማስተንፈስ ነው። አስፋልት ላይ 32 ወይም 35 ፒኤስአይ የሚይዘው ጎማ ጠጠርና ጭቃ ላይ ወደ 20 ሲወርድ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፤ ድንጋይን አቅፎ ያልፋል፣ ተሳፋሪውም አይነቀነቅም። ወደ አስፋልት ሲመለስ መሞላት አለበት፤ የተነፈሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ይፈነዳል። መለኪያና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር በ150 ዶላር ይገኛሉ። ይሄን ጥበብ አዲስ አበባ ያለ ማንኛውም ጎሚስታ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ገመድ።

ከስኖኳልሚ በስተ ደቡብ፣ ናቺስ ማለፊያ ላይ፣ ዛሬ ባለ ፎር ዊል መኪና የሚወጣበት አንድ አሮጌ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1853 ጄምስ ሎንግማየር የነበረበት የሠረገላ ጓድ በዚያ ሲያልፍ ገደል ጠበቀው። ሠረገላዎቹን በገመድ አስረው ሲያወርዱ ገመዱ አጠረ፤ በሬ አርደው ከቆዳው ጠፍር አወጡ፣ ገመዱንም ቀጠሉት ይባላል። ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን የሴባስቶፖል መድፍ ከጋፋት ወደ መቅደላ አስጎትተው አደረሱ፤ መድፉ እንዲያልፍ ከፊቱ መንገድ እየተጠረገ ነበር። ያን ጊዜም ሥራውን የሠሩት ገመድ፣ አካፋና ብዙ እጅ ናቸው።

ዛሬ በ400 ዶላር እንደ ላስቲክ የሚሳሳብ የናይለን ገመድ፣ ሁለት ለስላሳ ማያያዣ፣ አካፋና ሁለት የጭቃ ሰሌዳ ይገዛል። ገመዱ ግን ምን ላይ እንደሚታሰር መታወቅ አለበት። ተጎታች ለመጎተቻ የተሠራውን የብረት ኳስ ገመድ ማሰሪያ ማድረግ ነውር ብቻ ሳይሆን ገዳይ ነው፤ ኳሱ ተቆርጦ እንደ ጥይት ተስፈንጥሮ መስታወት ሰብሮ ሰው ገድሏል። ገመድ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ በተበየደ ወይም በጠንካራ ብሎን በተያዘ መያዣ ላይ ነው፤ ሲጎተትም ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ቪዲዮ ቀራጭ ሁሉ ይራቅ።

ከቀረው ላይ 150 ዶላር ለመገናኛና ለደህንነት ይሁን። የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው የጂኤምአርኤስ ሬዲዮ ፈቃድ ለ10 ዓመት 35 ዶላር ነው፤ አንዱ ሲያወጣ ቤተሰቡን በሙሉ ያካትታል፣ ፈተናም የለውም። ሁለት የእጅ ሬዲዮ፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ይጨመር። የፌዴራል ደን አገልግሎት የትኛው መንገድ ለመኪና ክፍት እንደሆነ የሚያሳየውን ካርታ በነፃ ይሰጣል። ድምሩ 2,800 ዶላር። የተረፈው 200 ለቤንዚንና ለመግቢያ ነው፤ የክልሉን ደኖችና ፓርኮች የሚያስገባው ዓመታዊ ዲስከቨር ፓስ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ከ30 ወደ 45 ዶላር አድጓል።

የዕቃ አምሮት ትልቁ ዕዳ ክብደት ነው። በአዳዲስ መኪኖች የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ሰውና ዕቃ አንድ ላይ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለባቸው የሚናገር ተለጣፊ አለ። 1,100 ይላል እንበል፤ 500 ኪሎ ገደማ ነው። አራት አዋቂ 300 ኪሎ። የብረት ፓራውልትና ዊንች 80። የጣሪያ ድንኳን 60። አርባ ሊትር ውሃ 40። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቤንዚን ወደ 20። ሞላ! ምንጣፉ፣ ምግቡ፣ ጀበናው ገና ደጅ ላይ ናቸው። መኪናው ዘቅዝቆ፣ ሞላው ተጨፍልቆ፣ ፍሬኑ ሳይበቃው ይወጣል። ከዚያ ጠንካራ ሞላና ሾክ አብዞርበር ይገዛል፤ እሱም ቢያንስ ሌላ 1,000 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ የሐበሻ ጓዳ ከየትኛውም የካምፕ መደብር ይሻላል። ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ ጥቂት መቶ ዶላር ያወጣል፣ ባትሪም ይፈልጋል። በሶ፣ ቋንታ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ፍሪጅ አይጠይቁም፤ የዘመቻ ስንቅ ሆነው ስንት ትውልድ አሳልፈዋል። በሶ ለመበጥበጥ አንድ ኩባያ ውሃ ይበቃል። አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ድርቆሹንም ታፈላለች፣ ቡናውንም።

ዊንቹስ? ዊንች ክፉ ዕቃ አይደለም። ብቻውን ወጥቶ ጭቃ ውስጥ ለሚገባ ሰው ሕይወት ነው። ነገር ግን የመኪናውን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ መጎተት መቻል አለበት፣ የሚታሰርበት ዛፍ ይፈልጋል፣ ክብደቱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በየገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አብሮ ይዞራል። ለቤተሰብ ሽርሽር ሁለተኛ መኪና ይበልጠዋል፤ ይገፋል፣ ይጎትታል፣ የተጎዳ ሰው ይዞ ይሮጣል፣ ሬዲዮም ይመልሳል።

ለመተባበር ደግሞ ሲያትል ራሷ ምሳሌ አላት። ዛሬ በመላው አሜሪካ መደብር ያለው አርኢአይ እ.ኤ.አ. በ1938 ሲያትል ውስጥ የተጀመረው በሎይድና ሜሪ አንደርሰን ነው። ባልና ሚስቱ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ጥሩ የበረዶ መጥረቢያ በተመጣጣኝ ዋጋ አጥተው ከኦስትሪያ አስመጡ፣ ከዚያ 23 ሆነው የጋራ መግዣ ማኅበር አቋቋሙ። መዋጮው አንድ ዶላር ነበር። በመተባበሩ የእኛን ዕቁብ ይመስላል። አምስት ቤተሰብ አምስት ኮምፕረሰር፣ አምስት አካፋና አምስት ገመድ የሚገዛበት ምክንያት የለም። አንዱ ገመዱን፣ አንዱ ኮምፕረሰሩን፣ አንዱ የጭቃ ሰሌዳውን ይግዛ፤ በየወሩ ሁለት ሁለት ሆነው ይውጡ።

ቀላሉን መንገድ መጀመር ያሳፍራል የሚል ካለ ተሳስቷል። ከኦሪገን ወሰን እስከ ካናዳ የሚዘልቀው የዋሽንግተን የኋላ አገር መንገድ 600 ማይል ገደማ ነው፤ ብዙው ጠጠር ነው፣ በቁራጭ በቁራጭም ይነዳል። ጭቃ ላይ መንዳት መማር የፈለገ ማውንት ቨርነን አጠገብ ያለውን ዎከር ቫሊ፣ ወይም ወደ ሬኒየር ተራራ ሲኬድ ያለውን ኤልቤ ሂልስ ያያል።

በረዶ ከመውደቁ በፊት አንድ ቅዳሜ መኪናውን ክሪክ ላይ አውጥታችሁ፣ መደገፊያ አስገብታችሁ፣ የፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተላወሰ የ3,000 ዶላሩ ዕቅድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰንሰለትም አትርሱ፤ ስኖኳልሚ ማለፊያ ላይ ሰንሰለት ግዴታ ሲሆን ባለ ፎር ዊል መኪና ሳያስር እንዲያልፍ ቢፈቀድለትም ይዞ መገኘት አለበት፣ ያልያዘ እስከ 500 ዶላር ይቀጣል።