‹‹ሲረጥብ ያዳልጣል›› ብሎ መለጠፍ ጥገና አይደለም

ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ዝናብ ሲጥል ዋለ። ዕለቱ በኦሊምፒኩ ብስክሌተኞች ተራ በተራ እየወጡ ለየብቻቸው ከሰዓት ጋር የሚታገሉበት ቀን ነበር። መንገዱ ሜዳ፣ አስፋልቱም የትልቅ ከተማ አስፋልት ነው። ይሁንና በዓለም አሉ የተባሉ ሴት ብስክሌተኞች መታጠፊያ ላይ እየተንሸራተቱ ሲዘረሩ በቴሌቪዥን ታይቷል። አሜሪካዊቷ ክሎይ ዳይገርት ከወደቀችበት ተነስታ ነሐስ ይዛ ገብታለች። ወርቁ የአውስትራሊያዊቷ ግሬስ ብራውን ሆኗል።

እንግዲህ አስፋልት ይህን ካደረገ እርጥብ ጣውላ ምን ሊያደርግ ነው? ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በብዙ አገር የብስክሌት መንገድ ወንዝ ወይም ረግረግ ሲገጥመው የሚሻገረው በእንጨት ድልድይ ወይም በጣውላ ንጣፍ ነው። እዚያ ላይ የሚወድቀው ደግሞ ሜዳሊያ ፍለጋ የወጣ ሰው አይደለም። ጠዋት ሥራ እንዳይረፍድበት የሚጣደፍ ወይም ማታ ደክሞት ወደ ቤቱ የሚገባ ተራ ሰው ነው። ሲወድቅም ‹‹ቀስ ብለህ አትነዳም ነበር?›› ይባላል፣ አበቃ። ጣውላውን ማን እንዳነጠፈው፣ ማን መጥረግ እንደነበረበት የሚጠይቅ የለም።

አስፋልት ሻካራ ነው። በጠጠሮቹ መካከል ውኃው የሚሸሽበት ቦታ ስላለ ጎማው የጠጠሩን ጫፍ ይነክሳል። አሮጌ ጣውላ ግን እግርና ጎማ ሲመላለስበት ይለሰልሳል። ውኃ ይጠጣል፤ ዛፍ ሥር ከሆነም ቶሎ አይደርቅም። በዚህ ላይ አልጌ ይበቅልበታል። ይህ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ጠቆር ብሎ የሚታይ ስስ ሽፋን ደርቆ ሲታይ ምንም አይመስልም። እርጥበት ሲነካው ግን ሳሙና ይሆናል። ስለዚህ ‹‹ዛሬ አልዘነበም›› ብሎ መዝናናት አያዋጣም፤ የማለዳ ጤዛ ብቻውን ሰው ይጥላል። የረገፈ ቅጠል ሲጨመርበትማ አይወራ። ብርድ በሚጠናበት አገር ደግሞ ድልድይ ከሌላው መንገድ ቀድሞ በረዶ ይይዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ከላይም ከሥርም ስለሚያገኘው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጎማ ጉዳይ ነው። ‹‹ጥርሱ ያላለቀ አዲስ ጎማ ስለገጠምኩ አያዳልጠኝም›› የሚል አይጠፋም። ይህ ከመኪና የተወሰደ አስተሳሰብ ነው። የመኪና ጎማ ሰፊና ጠፍጣፋ በመሆኑ በፍጥነት ሲሄድ ውኃ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ጥርሱ የሚያስፈልገው ውኃውን እንዲያስወጣ ነው። የብስክሌት ጎማ ግን ቀጭንና ክብ ስለሆነ ውኃውን ራሱ ሰንጥቆ ያልፋል። ጠላቱ ከውኃው ጋር የተቀላቀለው ዝልግልግ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ጥርስ አይነክሰውም። ሰፋ ያለ ጎማና ከወትሮው ትንሽ ቀነስ ያለ ንፋስ የተሻለ ይረዳል። ድንጋይ እስኪሆን የተነፋ ጎማ ጣውላውን የሚነካው በጣም በትንሽ ቦታ ነውና። ትንሽ ሲባል ግን ትንሽ ነው፤ ንፋሱን አጉድሎ ካለማዳሪያ ማስበሳት ሌላ ጣጣ ያመጣል።

አነዳዱን በተመለከተ ዋናው ሥራ የሚያልቀው ጎማው ጣውላውን ከመንካቱ በፊት ነው። ፍሬን የሚያዘው ገና አስፋልቱ ላይ እያሉ ነው። በተለይ ጠርዙን የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ መጀመሪያ ውኃውን ጠርጎ ነው መያዝ የሚጀምረው፤ ስለዚህ ከወትሮው ቀደም ማለት ይፈልጋል። ካምቢዮውም እዚያው ይቀላል፣ ብስክሌቱም ከድልድዩ ጋር ቀጥ ይላል። ጣውላው ላይ ከተወጣ በኋላ ነገር ማብዛት አያስፈልግም። እጅ መሪውን አንቆ አይይዝም፣ ፔዳሉ በእርጋታ ይዞራል ወይም ዝም ይባላል፣ ዓይን የድልድዩን ማዶ ያያል። ድንገት መሪ ማዞር፣ ቆሞ መርገጥ፣ ከፊት ያለውን ልቅደም ማለት፣ ሁሉም ለማዶ ይቆያል።

የፊት ፍሬንማ ፈጽሞ አይነካም። የኋላው ጎማ ሲንሸራተት ብስክሌቱ ይወዛወዛል እንጂ ነጂው ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። የፊተኛው ከሸሸ ግን እጅ ለመዘርጋት እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ትከሻ፣ የእጅ አንጓ ወይም ዳሌ ነው ቀድሞ ጣውላውን የሚያገኘው።

ከሁሉ የከፋው ድልድዩ ራሱ ሲታጠፍ ነው። ብስክሌት የሚታጠፈው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነው። ዘንበል ሲል ደግሞ ጎማው ወደ ውጭ መሸሽ ይፈልጋል፤ ደረቅ መሬት ይይዘዋል፣ እርጥብ ጣውላ ይለቀዋል። ብስክሌቱ ሳያጋድል መታጠፍ እስኪችል ድረስ በጣም ቀስ ማለት እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም። የጣውላው አቅጣጫም መታየት አለበት። መንገዱን አቋርጦ የተመታ ጣውላ ቢያንገጫግጭም ይሻላል። በመንገዱ ርዝመት ወይም በሰያፍ የተመታው ግን በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ጎማውን ይዞ ወደ ራሱ አቅጣጫ ይወስደዋል።

ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። እርግጥ ከሥሩ ፕላስቲክ ወይም ብረት ያለው የብስክሌተኛ ጫማ ያደረገ ሰው እርጥብ ጣውላ ላይ በእግሩም ቢሆን እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚሄደው፤ እሱም በእርጋታ ይሁን።

ይህ ሁሉ የነጂው ድርሻ ነው። ሌላ ድርሻ ያለው ሰው ግን አለ፤ እሱን ለማየት አንድ መንገድ መጥቀስ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ ከዋሽንግተን ዲሲ ማዶ፣ በቨርጂኒያ በኩል፣ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ የሚወርድ የማውንት ቨርነን መንገድ የሚባል የብስክሌተኛና የእግረኛ መንገድ አለ። ከቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴት አጠገብ ተነስቶ፣ በሬገን ኤርፖርት ጎን አልፎ፣ የአሌክሳንድሪያን ከተማ አቋርጦ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ይኖሩበት እስከነበረው ማውንት ቨርነን ድረስ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የሚያስተዳድረው የአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። አካባቢው ለአበሻ እንግዳ አይደለም። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው ናቸው፤ በኤርፖርቱም በታክሲና በመኪና ማቆሚያ ሥራ ላይ አማርኛ የሚናገር ሰው ማግኘት አይቸግርም።

ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሠራ ጅረቱንና ረግረጉን በእንጨት ድልድዮች እንዲሻገር ነው የተደረገው። ሩዝቬልት ደሴት አጠገብ የጣውላው ንጣፍ ከትልቁ የመኪና ድልድይ ሥር ገብቶ ይታጠፋል። ጥላ፣ እርጥብ እንጨትና መታጠፊያ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ ማለት ነው! በመንገዱ የሚመላለሱ ብስክሌተኞች ዝናብና ውርጭ ሲመጣ ድልድዮቹን የሚፈሩት በከንቱ አይደለም። ደግነቱ የመንገዱ ወዳጆች ነን ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው ቅርንጫፍ ሲቆርጡና የተበላሸ ጣውላ ሲቀይሩ ይታያሉ። ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን የሕዝብ መንገድ ደኅንነት በቅዳሜና እሁድ ትርፍ ጊዜ ላይ መንጠልጠል አለበት ወይ?

በየአገሩ የመንገድ ባለሥልጣናት የተለመደ መልስ ምልክት መትከል ነው። ‹‹ሲረጥብ ያዳልጣል›› የሚል ጽሑፍ ወይም የሚንገዳገድ ብስክሌት ሥዕል ይቆማል። ምልክት መጥፎ አይደለም፤ ለእንግዳ ሰው ይጠቅማል። ችግሩ ምልክቱ ከተተከለ በኋላ ሥራው እንዳለቀ መቆጠሩ ነው። እንደሚያዳልጥ ታውቆ ተጽፎ ከተለጠፈ፣ የታወቀውን ነገር አለመጠገን ምን ይባላል? ወድቆ ትከሻው ለተሰበረ ሰው ሰሌዳው ማጽናኛ አይሆንም። ይልቁንም ‹‹አስጠንቅቀንህ ነበር›› ለማለት ይመቻል።

በስፖርቱ ዓለም ነገሩ ከተፈታ ቆይቷል። ሳይክሎክሮስ የሚባለው፣ በቤልጅየምና በኔዘርላንድስ ብርዱ ሲገባ በጭቃ መሀል የሚደረገው ውድድር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ተወዳዳሪዎቹ እነ ማቲው ቫን ደር ፖልና ዋውት ቫን አርት ናቸው፤ ብስክሌት አነዳድ አይችሉም የሚል ሰው ካለ ይምጣ። እንዲህም ሆኖ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር (ዩሲአይ) ደንብ ለእነሱ ችሎታ አይተወውም። በውድድሩ ላይ የሚሠራ ድልድይ ቢያንስ 3 ሜትር ስፋት እንዲኖረው፣ ግራና ቀኙ እንዲከለል፣ ላዩም በማያንሸራትት ነገር እንዲሸፈን ያዛል። መሸፈኛው ምንጣፍ ቢሆን፣ የሽቦ መረብ ቢሆን ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ቀለም ቢሆን ይሆናል። አንድ ሰዓት ገደማ ለሚፈጅ ውድድር ይህ ከተደረገ፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ለሚመላለስበት ድልድይ ምን አነሰው?

ካናዳ ውስጥ ከቫንኩቨር በላይ ባሉት የኖርዝ ሾር ተራሮች ደግሞ ደንብም አላስፈለጋቸውም። ዝናብ የማያጣው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። የተራራ ብስክሌት አፍቃሪያን እዚያ ከጽድ ዘመድ ከሆነው ዛፍ ጣውላ እየሰነጠቁ ጠባብ ድልድይና መወጣጫ ሠርተው ዓለም ያወቃቸው ናቸው። የሚያንሸራትተውን ጣውላ የዶሮ ቤት ማጠሪያ የሽቦ መረብ እየዘረጉ በትንንሽ ምስማር መቱበት። ጎማው ሽቦውን ነክሶ ያልፋል። እርግጥ ሽቦው ያልቃል፤ ሲበጠስም ጫፉ ጎማ ይበሳል፣ የወደቀውንም ሰው ይቧጭራል። ዘርግቶ መርሳት አይቻልም፤ እየዞሩ ማየት የግድ ነው። ለሕዝብ መንገድ የሚሻለው አሸዋ የተጣበቀበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ የሆነ ቁራጭ ነገር በየጣውላው ላይ መምታት ነው። ጣውላው ላይ ቦይ ማውጣት ግን ብዙም አያዘልቅም። ቦዩ በአፈርና በአልጌ ሲሞላ ተመልሶ ያው ነው።

አልጌውን በብሩሽና በውኃ ግፊት ማጠብ፣ ፀሐይ እንዲገባ ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ቅጠል መጥረግ የሚባሉት ሥራዎች ምሕንድስና የሚጠይቁ አይደሉም። መጥረጊያና ሰው ይፈልጋሉ። በጀት አጠረ የሚለው ምክንያት ለአዲስ ድልድይ ይሠራ ይሆናል፤ ለመጥረጊያ ግን አይሠራም።

አገር ቤትስ? በገጠሩ ጅረት የሚሻገሩት ብዙ ጊዜ ባሕር ዛፍ ተጋድሞ አፈር በለበሰበት ድልድይ ነው። ክረምት ሲገባ አፈሩ ይታጠብና ክቡ ግንድ ራቁቱን ይቀራል። እዚያ ላይ በብስክሌት ልሂድ ማለት ጀግንነት ሊባል አይችልም፤ ወርዶ መግፋት ነው፣ እሱም እግር ካልከዳ። አፈሩን በየክረምቱ መመለስ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

በከተማው ደግሞ ነገሩ በሌላ መልኩ መጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ከኮሪደር ልማቱ ጋር የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል፤ ጥሩ ነገር ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳም ብስክሌት የለመዱ ከተሞች ናቸው። በነዚህ ከተሞች ለብስክሌተኛና ለእግረኛ የሚነጠፍ ነገር ሲመረጥ፣ ጣውላም ይሁን ለስላሳ ንጣፍ ድንጋይ ወይም የመንገድ ቀለም፣ በምረቃው ቀን ደርቆ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ ብቻ ሊታይ አይገባም። ሥራውን የሚረከበው መሐንዲስ ከመፈረሙ በፊት አንድ ባልዲ ውኃ ያስደፋበት፤ ብስክሌት የሚችል አንድ ሰው ጠርቶም መታጠፊያው ላይ ቀስ ብሎ ያስነዳው። ጎማው ከሸሸ ሥራ ተቋራጩ ገና ከቦታው አልሄደም፤ የክፍያው የመጨረሻ ክፍልም አልተለቀቀም።