ሠዓሊውን ነጋዴ ከማድረጋችን በፊት

«ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚለው ምክር በየምረቃው በዓል የሚደመጥ የዘመናችን ዜማ ሆኗል። የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶች በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለሱም «ኢንተርፕረነርሺፕ» አብሮ ገብቷል። የወደፊቱ መሐንዲስና የወደፊቱ ሠዓሊ ስለ ገበያ ጥናትና ስለ ንግድ ሥራ ዕቅድ ተመሳሳዩን ትምህርት ይማራሉ።

ውድ አንባቢያን፣ የኪነ ጥበብ ተማሪ ሥራ ፈጠራን ይማር ወይስ አይማር የሚለው ክርክር በእኔ እምነት ጊዜው ያለፈበት ነው። ከያኒ ስለ ገንዘብ ካሰበ ጥበቡ ይረክሳል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ታሪካችን ግን አይደግፋቸውም። አዝማሪው የኖረው ከአድማጩ በሚያገኘው ሽልማት ነው። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታትም በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠኑ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ እየሣሉ ለውጭ አገር ሰዎች ይሸጡ ነበር። እንግዲያስ ጥያቄው «ምን ዓይነት ሥራ ፈጠራ?» የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አምሃ እሸቴን ማንሳት ተገቢ ይሆናል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ይህን ሞኖፖል ተጋፍቶ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የራሱን የሸክላ ድርጅት አቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም መቶ ያህል ሸክላዎችን ለአድማጭ አበረከተ። በመንገዱ ላይ የቆመው እንቅፋት የዕቅድ ጉድለት አልነበረም። ማን ማሳተም ይችላል? ጥቅሙስ የማን ነው? የሚል የመብት ጥያቄ ነበር።

ይኸው ጥያቄ ዛሬ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ወይም ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚመረቀውን ወጣትም ይጠብቀዋል። ይህ ወጣት ለባንክ መያዣ የሚሆን ቤትም ሆነ ማሽን የለውም፤ ሀብቱ የፈጠረው ሥራ ነው። ሠዓሊ ሥዕሉን ሲሸጥ ሸራውን ሸጠ እንጂ በፖስት ካርድና በካላንደር የማባዛት መብቱን አልሸጠም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞቱም በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመታት ጥበቃ ይሰጣል። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል። ለመሆኑ ይህን ሳያውቅ የሚመረቅ ሙዚቀኛ፣ አሳታሚው የሚያቀርብለትን ውል በምን ዐይኑ ያነበዋል?

የዋጋውም ነገር እንዲሁ ነው። ተማሪው የሸራውን፣ የቀለሙን፣ የፍሬሙንና የስቱዲዮውን ኪራይ፣ የደከመበትን ሳምንታትና የጋለሪውን ኮሚሽን ደምሮ ዋጋ መተመን ካልቻለ፣ ሥዕሉ በተሸጠ ቁጥር እየከሰረ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ትምህርቱ ከአንደኛ ዓመት የጋራ አዳራሽ ወጥቶ ተማሪው የራሱ ሥራዎች በሚኖሩት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ይሰጥ። የሕግ ባለሙያ፣ የጋለሪ ባለቤትና የሙዚቃ አሳታሚ በጋራ ያስተምሩት። ፈተናውም እውነተኛ ውል መርምሮ ማረምና የአንድ ዐውደ ርእይ በጀት ማዘጋጀት ይሁን።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ አደጋ አለ። «ሥራ ፈጣሪ ሁን» የሚለው ቃል ሥራ አጥነትን የተመራቂው የግል ስንፍና አስመስሎ መንግሥትን ከኃላፊነት ማምለጫ ሊሆን አይገባውም። ሕጉን ማስከበር የመንግሥት ድርሻ ነው፤ የማይከበር መብት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከመሆን አያልፍም። ድግስ ባለ ቁጥር ሙዚቀኛን «ለአገርህ ነው» እያለ በነጻ የሚጠራ መሥሪያ ቤትም ስለ ሥራ ፈጠራ የመስበክ የሞራል ብቃት የለውም።

ለወጣት ከያኒያን ነጋዴነትን ከመስበካችን በፊት ንብረታቸውን እናሳውቃቸው፤ በንብረቱ የሚያዝ ሰው ገበያውን ራሱ ይፈልገዋል።

ቸር እንሰንብት።