ሞገዱ ተወልዷል፣ ነፋሱ ገና ነው

በደቡብ ካሊፎርኒያ ለሚገኙት የባሕር ዳርቻዎች በየሳምንቱ የሚወጣውን የሞገድና የነፋስ ትንበያ የተመለከተ ሰው የሠንጠረዡ መስተካከል ያስደንቀዋል። ሰባት ቀናት በሰባት ዓምዶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ቀን ሥር የሞገዱ ከፍታ፣ የሚመጣበት አቅጣጫና የነፋሱ ፍጥነት ሰፍሯል። የነገው ቁጥርና የሳምንቱ መጨረሻ ቁጥር በአንድ ዓይነት ፊደልና በአንድ ዓይነት ቀለም የታተሙ ናቸው። አንባቢውም ሁሉም እኩል የታወቁ መሆናቸውን አምኖ ይነሣል። እኛ የምንቃወመው ይህንን የሐሰት እኩልነት ነው።

ለመሆኑ ሞገድ ከምን ይወለዳል? ነፋስ በውሃ ላይ ሲነፍስ ጉልበቱን ለውሃው ያካፍላል። የሚፈጠረው ሞገድ ትልቅነት በነፋሱ ብርታት፣ በነፈሰበት ጊዜ ርዝመትና በነፈሰበት የውሃ ስፋት ይወሰናል። በጣና ወይም በላንጋኖ ዳር ያደገ ሰው የሚያውቀው ሞገድ አጭርና ፈጣን ነው፤ ነፋሱ ሲነሣ ይነሣል፣ ነፋሱ ሲያርፍ ብዙም ሳይቆይ ያርፋል። የጣና ርዝመት ከ80 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነውና ሞገዱ የሚያድግበት ሜዳ የለውም። ከዚህ ልምድ የሚቀሰመው ዕውቀት «ነፋስ ከሌለ ሞገድ የለም» የሚል ነው። ዕውቀቱ ለሐይቅ ትክክል ሲሆን ለውቅያኖስ ግን አደገኛ ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ከሚጠራው የፌርፋክስ ጎዳና ሰፈር እስከ ሳንታ ሞኒካ ዳርቻ ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጉዳዩ ለእኛም ሰዎች ባዕድ አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

በውቅያኖስ ላይ ሞገድ ከወለደው ነፋስ ተለይቶ ይጓዛል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ የደቡቡ የምድር ክፍል ክረምት በሚሆንበት ጊዜ፣ ከኒው ዚላንድ በስተደቡብ ብርቱ ዐውሎ ነፋሶች ይነሣሉ። እነዚህ የሚያስነሡት ሞገድ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ማሊቡንና ሌሎች ወደ ደቡብ የሚመለከቱ ዳርቻዎችን ይመታል። በጥልቅ ውሃ ላይ የሞገድ ፍጥነት በዑደት ጊዜው፣ ማለትም አንዱ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ በሚወስደው ጊዜ፣ ይወሰናል። የ20 ሰከንድ ዑደት ያለው ሞገድ ጉልበቱን በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ሲያጓጉዝ፣ የ15 ሰከንዱ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የፊተኛው ርቀቱን በ7 ቀን ተኩል ገደማ ሲጨርስ የኋለኛው ወደ 10 ቀን ይፈጅበታል። ረጃጅሞቹ ሞገዶች ቀድመው እንደ መልእክተኛ ይደርሳሉ፤ ዋናው ጭፍራ በኋላ ይከተላል።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። ተንባዩ ቅዳሜ ዕለት ተቀምጦ ለቀጣዩ ዓርብ ስለሚደርሰው የደቡብ ሞገድ ሲጽፍ፣ ሞገዱ ቀድሞ ተወልዶ በመንገድ ላይ ይገኛል። ሳተላይቶች ከፍታውን ለክተውት ሊሆን ይችላል፤ ቀኑ ሲቃረብም ተንሳፋፊ መለኪያዎች ያረጋግጡታል። እንዲህ ያለው ሥራ ከትንቢት ይልቅ ከሩቅ ከተማ የተነሣ አውቶቡስ መቼ እንደሚገባ ማስላትን ይመስላል።

ይህንን ያሳየን እ.ኤ.አ. በ1963 የተካሄደ ጥናት ነው። ዋልተር ሙንክና የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ባልደረቦቹ ከኒው ዚላንድ እስከ አላስካ በተዘረጋ መስመር ላይ መለኪያዎችን አቁመው፣ በደቡብ ዋልታ አካባቢ የተነሣን ሞገድ ከጣቢያ ጣቢያ ተከታተሉት። ሞገዱ ከተወለደበት አካባቢ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በጉዞው የሚያጣው ጉልበት እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለው የሜትሮሎጂ ሊቅ ስለ አየር ጠባይ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ማሳተሙ ነው፤ በመነሻው ሁኔታ ላይ ያለ ኢምንት ልዩነት ከጊዜ ጋር እያደገ ትንበያን ከንቱ ሊያደርግ እንደሚችል አሳየ። የሳምንቱ ሠንጠረዥ የእነዚህን የሁለት ሊቃውንት ግኝቶች ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ልዩነታቸውን ግን ለአንባቢው አይነግረውም።

የነፋሱ ዓምድ የሎሬንዝ ነው። የዳርቻው ነፋስ የዕለት ሥርዓት እንዳለው አይካድም፤ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ የብስ ሲሞቅ ከባሕር ወደ ምድር ይነፍሳል። በመጸውና በክረምት ደግሞ ሳንታ አና የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከምድር ወደ ባሕር ይወርዳል። ይህ ሁሉ የአካባቢው ጠባይ ስለሆነ ያለ ሠንጠረዥም ይታወቃል። ነገር ግን የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት በ3 ሰዓት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ይነፍሳል ብሎ መጻፍ ያልታወቀን ነገር ማስመሰል ነው። ያን ነፋስ የሚያመጣው የአየር ግፊት ገና አልተሰናዳም። ለሰርፊንግ ተጫዋቾች ደግሞ ነፋሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከምድር የሚነፍስ ነፋስ የሞገዱን ፊት ያለሰልሰዋል፣ ከባሕር የሚነፍሰው ያፈራርሰዋል። ብዙዎች ከሥራ ፈቃድ የሚጠይቁት በዚህ ዓምድ ተማምነው ነው።

የበለጠ የሚያሳዝነው ማስተማመኛው መጠን የታወቀ ሆኖ ሳለ መጣሉ ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል የሞገድ ሞዴሉን ከአየር ሞዴሉ ጋር ካጣመረ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ረጅም ጊዜ አልፏል፤ ማዕከሉ አንድ ትንበያ ብቻ አያሰላም፤ በመነሻቸው በጥቂቱ የሚለያዩ 50 ትንበያዎችን ከመሠረታዊው ጋር አብሮ ያሰላል። የአሜሪካኑም መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማል። ትንበያዎቹ ሲስማሙ መተማመን፣ ሲበታተኑ መጠራጠር ይገባል። ይህ ሁሉ ስሌት ብዙ ወጪ ተደርጎበት ከተገኘ በኋላ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ወደ አንዲት ቁጥርና ወደ ጥቂት ኮከቦች ይጨመቃል።

ቁጥሯም ብትሆን ራሷን አትገልጽም። ሳይንሳዊው «የሞገድ ከፍታ» ሐራልድ ስቨርድሩፕና ሙንክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባሕር ኃይል ማረፊያ ትንበያ ሲሠሩ የተጠቀሙበት መለኪያ ነው፤ ከሞገዶቹ መካከል ትላልቆቹ አንድ ሦስተኛዎች አማካይ ከፍታ ማለት ነው። እንግዲህ 1 ሜትር ተብሎ በተጻፈበት ቀን፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ሞገድ ቢመጣ ትንበያው አልተሳሳተም። (በሃዋይ ደግሞ የቆዩት ተጫዋቾች ሞገድን ከጀርባው ስለሚለኩ የእነርሱ ቁጥር ከፊት ለፊት ከሚታየው ግማሽ ያህል ነው፤ ለእንግዳ ሰው ይህ ሌላ ወጥመድ ነው።) የዑደት ጊዜም አለ። በጥልቅ ውሃ 1 ሜትር የሆነ የ8 ሰከንድ ሞገድ በዳርቻው ሲሰበር 1 ሜትር ተኩል አይሞላም፤ የ16 ሰከንዱ ግን ወደ 2 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። የሚሸከመው ጉልበትም እጥፍ ነው። የዑደት ጊዜን ሳይጽፉ ከፍታን ብቻ መጻፍ የጭነት መኪናን ፍጥነት ተናግሮ ክብደቱን እንደ መደበቅ ነው።

እንዲህ ያሉ የሩቅ ሞገዶች በቡድን በቡድን ይመጣሉ። በሁለት ትላልቅ ቡድኖች መካከል ውሃው 10 ደቂቃና ከዚያም በላይ ረግቶ ሊቆይ ይችላል። ፀሐይ ወጥታለች፣ ነፋስ የለም፣ ባሕሩ ተኝቷል፤ በሐይቅ ዋና የተማረ ወላጅ ልጆቹን ይዞ ይገባል። ቡድኑ ሲደርስ ወደ ዳር የተገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልግና በጠባብ መስመር ወደ ጥልቁ የሚስብ ጅረት ይሠራል። መስመሩ ብዙ ጊዜ ሞገድ የማይሰበርበት በመሆኑ ከሁሉም ይልቅ ሰላማዊ መስሎ ይታያል። የአሜሪካ የነፍስ አድን ዋናተኞች ማኅበር እንደሚለው በሞገዳም ዳርቻዎች ከሚደረገው የማዳን ሥራ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚህ ጅረት ጋር የተያያዘ ነው።

ተንባዮቹ «አንባቢ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ብናመነታ ወደ ሌላው ይሄዳል» ይላሉ። መከራከሪያው ከንግድ አንጻር ይገባናል፤ አንቀበለውም እንጂ። የኢትዮጵያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ለዝናብ ወቅቶች የሚያወጣው ትንበያ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ያስቀምጣል። አጠቃቀሙ ላይ ብዙ የሚባል ቢኖርም፣ ዘርና በሬው የተያዘበት ገበሬ ሊሸከመው የሚችል ጥርጣሬ ለመዝናናት ወደ ባሕር የሚወርደውን ሰው ያሸብረዋል ብሎ ማሰብ አንባቢን መናቅ ነው።

የምንጠይቀው ለውጥ ገጹን አያሰፋውም። የነፋሱ ዓምድ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በሰዓት መከፋፈሉን ትቶ «ጠዋት ለስላሳ፣ ከቀትር በኋላ ከባሕር» በሚል የተለመደ ጠባይ ይተካ። የሞገዱ ከፍታ ከነመለዋወጫ ወሰኑ፣ ከጎኑም የዑደት ጊዜው ይጻፍ። የዑደት ጊዜው ከ14 ሰከንድ ሲያልፍ ደግሞ ከሠንጠረዡ በላይ አንዲት መስመር ትጨመር፦ ዛሬ ወደ ውሃው ከመግባታችሁ በፊት ቢያንስ 20 ደቂቃ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ነፍስ አድን ሠራተኛ ከሌለበት ስፍራም አትግቡ።