የሰማዩን መንገድ የሚጠቀም ነጋዴ የሰማዩን ሕግ ይጠይቅ

ለነቀምት ነጋዴ ሰማይን መመልከት አዲስ ነገር አይደለም። ቡናው ከነገለፈቱ ተሰጥቶ በሚደርቅበት ወራት ደመና ብቅ ሲል ሠራተኞቹን ጠርቶ ሸራ ያለብሳል፤ ደመናው ሲገፈፍ እንደ ገና ይገልጣል። በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ በከተማችን የቀድሞ ስም የሚጠራው ቡና ጥራቱን የሚያገኘው ከዚህ ጥንቃቄ ጭምር ነው። ዛሬ ግን ከደመናው በላይ ሌላ የአየር ጠባይ እንዳለ፥ እርሱም ንግዳችንን የሚነካ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማሳሰብ እንወዳለን።

ፀሐይ የምትልክልን ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም። አልፎ አልፎ ከገጽዋ የሚፈነዳው ኀይል ኤሌክትሪክ ያዘሉ ደቃቅ ነገሮችን ወደ ምድር ይወረውራል። ይህም በ11 ዓመት ያህል ዑደት ይበረታል፥ ይደክማል። በ1851 ዓ.ም. መጨረሻ (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው) የተነሣው ማዕበል በአውሮፓና በአሜሪካ የቴሌግራፍ መሥመሮችን አውኮ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም. በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር መብራት ጠፍቶ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለ9 ሰዓት ያህል በጨለማ ቆይቷል። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. የተነሣው ማዕበል ደግሞ ከ20 ዓመት ወዲህ ብርቱው ሲሆን፥ በአሜሪካ በሳተላይት እየተመሩ ይዘሩ የነበሩ ትራክተሮችን በዘር ወቅት አስቁሟል።

«ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሊኖር ይችላል። በእርግጥ እንደ ካናዳ ያሉ ለዋልታ የቀረቡ አገሮች የሚፈሩት የመብራት መሥመር አደጋ በእኛ ላይ በዚያው መጠን አይከብድም። ነገር ግን የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ ወገብ ግራና ቀኝ ኤሌክትሪክ ያዘለው የላይኛው አየር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፥ ይልቁንም በመስከረምና በመጋቢት ወራት አካባቢ፥ ይናወጣል፤ ከሳተላይት የሚወርደውም ምልክት በዚያ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመው አገራችን ለዚህ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነበር። ዛሬም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይህንኑ ያጠናሉ። እንግዲህ ነገሩ ከጓሮአችን እንጂ ከባዕድ አገር አይደለም።

ንግዳችን ከሰማይ ጋር ምን ያህል እንደ ተሳሰረ እንመልከት። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ፥ የሚጸናበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፥ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በሳተላይት ልኬት ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። የልኬቱ ስሕተት የጥቂት ሜትሮች ቢሆን እንኳ፥ የወለጋ ቡና ከደን ጋር እየተዋሰነ የሚበቅል በመሆኑ ማሳውን ከደን ውስጥ አስቆጥሮ ገበሬውንና ነጋዴውን ሊያከራክር ይችላል። እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው የጭነት መኪና ያለበት ቦታ የሚታወቀው በሳተላይት ነው። ሌላ መሥመር ባልደረሰበት ቦታ ያለ የባንክ ቅርንጫፍ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚገናኘው በሳተላይት ሊሆን ይችላል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር መክፈልና መቀበልም ለትንሹም ለትልቁም ሱቅ ልማድ ሆኗል።

ግንኙነት ሲቋረጥ የሚደርሰውን ጉዳት ለወለጋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። የዚያ ምክንያት ፀሐይ አልነበረችም፤ ሆኖም የአዲስ አበባን ዋጋ መጠየቅ፥ ገንዘብ ማስተላለፍና የጭነቱን መድረስ ማወቅ ያልቻለ ነጋዴ ምን እንደሚሆን ከነቀምት፥ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና የተወነጨፈችውም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 ቀን ነበር። አገር ሳተላይት ስላላት ብቻ ነጋዴዋ ዋስትና አገኘ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የሕግ ጉዳይ ነው። በዛሬው ቀን የሰማዩን መንገድ በብዛት የያዙት የንግድ ኩባንያዎች ናቸው። በጥር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ስፔስ ኤክስ ካወነጨፋቸው 49 ሳተላይቶች እስከ 40 የሚሆኑት በአንድ የፀሐይ ማዕበል ምክንያት ጠፍተዋል። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤታችን በኬንያ፥ በማኩዌኒ አውራጃ ሙኩኩ በተባለ መንደር፥ 500 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወርዷል። የኬንያ የጠፈር መሥሪያ ቤት የሮኬት ክፍል መሆኑን ገለጸ። ሰው አለመጎዳቱ ትልቅ ዕድል ነበር፤ ነገር ግን ዕድል ሕግን አይተካም።

በ1959 ዓ.ም. የተደረገው የጠፈር ውል እያንዳንዱ መንግሥት ለገዛ ኩባንያዎቹ ሥራ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የካሣ ውል ደግሞ በምድር ላይ ለሚደርስ ጉዳት ያወነጨፈው መንግሥት፥ ጥፋቱ ባይረጋገጥበትም፥ ካሣ እንዲከፍል ያዛል። ሆኖም በዚህ ውል ካሣ የሚጠይቀው ራሱ ተጎጂው ሳይሆን መንግሥት ነው፤ የተሰጠውም ጊዜ አንድ ዓመት ነው። እንግዲህ በነጆ ወይም በአርጆ የአንድ ገበሬ ቤት ቢፈርስ፥ ወይም የአንድ ነጋዴ መጋዘን ቢቃጠል፥ ለማን ያመለክታል? ጉዳቱንስ ማን ይመዘግባል? ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ዓመቱ በምልልስ ያልቃል።

«ሮኬት የማያወነጭፍ አገር የሮኬት ሕግ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ወደብ የለንምና የባሕር ጭነት ሕግ አያገባንም የሚል ቡና ላኪ አይተን አናውቅም። ጭነቱ የእኛ ከሆነ መንገዱም ያገባናል። ሕግ ሲበዛ ባለገንዘብ ይሸሻል የሚለውም ሥጋት መታሰብ ይገባዋል፤ ስለዚህ የምንጠይቀው ጥቂትና ግልጽ የሆነ ነገር ነው።

አንደኛ፥ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በሳተላይት አገልግሎት ለሚሰጡ ኩባንያዎች ፈቃድ ሲሰጥ፥ አገልግሎቱ ሲታወክ አስቀድመው ወይም ወዲያው እንዲያስታውቁ፥ ሁለተኛ መንገድ እንዲያዘጋጁና ላልሰጡት አገልግሎት የተቀበሉትን ገንዘብ እንዲመልሱ በፈቃዱ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የፀሐይ ማዕበል ማስጠንቀቂያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቀላል ቃል ለንግድ ምክር ቤቶች ያድርስ፤ በከተማችን ያለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም በትርጓሜው ይርዳ። ሦስተኛ፥ ከሰማይ የወደቀ ነገር ሲገኝ ሰው ሳይነካው የሚያመለክትበት መሥሪያ ቤት በየወረዳው ተለይቶ ይታወቅ።

አራተኛው የራሳችን ድርሻ ነው። የዕለቱን ሽያጭና ዱቤ በስልክ ብቻ ሳይሆን በመዝገብም እንጻፍ። ለጥቂት ቀን ሥራ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ በጥንቃቄ ይኑረን። ማሳ የሚለካ ሰው ማስጠንቀቂያ በወጣበት ጊዜ አይለካ፤ የለካውንም በሌላ ቀን ደግሞ ያመሳክር። ይህ ሁሉ ከአንድ ሸራ ዋጋ እጅግ አይበልጥም።

ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚሻል እናቶቻችን አስተምረውናል። ቡናውን ከዝናብ ለማዳን ደመና እስኪወርድ የማይጠብቅ ነጋዴ፥ ከደመናው በላይ ላለውም ማዕበል እንዲሁ አስቀድሞ ይዘጋጅ።