«ይህን አንብብ» ስለ ማለት

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ ዛሬ ግን አሳባችንን ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው መለስ ልናደርገው ወደድን። ምክንያቱም በቅርቡ ከወር ደመወዛችን ቀንሰን አራት መጻሕፍት ገዝተን ወደ ቤታችን በገባን ጊዜ፣ ባለቤታችን አራቱንም በእጃቸው እያገላበጡ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ያለፈው ዓመት የገዟቸው ገና ተነበው አላለቁም፤ ደግሞስ በእነዚህ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለባቸውን?» ብለው ስለ ጠየቁን ነው። የፊተኛው ነገር እውነት ስለ ሆነ ልንክደው አልቻልንም። ለኋለኛው ግን መልስ ይኖረናል ብለን ብንቀመጥ፣ ነገሩ ካሰብነው ይልቅ ረዘመብን።

መጻሕፍቱ የሳይንስ ልብ ወለድ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ይኸውም ደራሲው ዛሬ ከሚታወቀው ጥበብ ተነሥቶ ነገ ሊሆን የሚችለውን፣ ወይም ሊሆን ባይችልም እንኳ ቢሆን ኖሮ ሰውን ምን ያደርገው እንደ ነበረ አስቦ የሚጽፈው ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን። የዚህ ዓይነቱ ምኞት ስለ አገራችን በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ታሪክ በጻፈ ጊዜ፣ የኢትዮጵያን መስፍን በተዘጋ ሸለቆ አኑሮ፣ በዚያው ሸለቆ አንድ የእጅ ጥበብ ዐዋቂ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር ሲሞክር ያሳየናል። ሰውየው ከከፍታው ዘሎ ወዲያው ከሐይቁ ወደቀ፤ በአየር ያልረዱት ክንፎች በውሃው ላይ ተንሳፍፈው ነፍሱን አዳኑለት። ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ አላያትም፤ በወጣትነቱ የፖርቱጋሉን ሚሲዮናዊ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጕሞ ነበርና ስሟን ያወቀው በዚያ ነው።

ከእርሱ በኋላ የተነሡት ግን ክንፉን ትተው መድፍና መኪና ያዙ። የፈረንሳዩ ዡል ቬርን በ1865 ሦስት ሰዎችን ከፍሎሪዳ በመድፍ ወደ ጨረቃ አስተኰሰ፤ በ1969 በአፖሎ 11 ወደ ጨረቃ የተጓዙትም ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፣ የተነሡት ከዚያው ከፍሎሪዳ ነው። ይህን እያነሡ ቬርንን እንደ ነቢይ የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን የገጠመው የሰዎቹ ቍጥርና የመነሻው ቦታ ነው እንጂ መድፉስ ሰዎቹን ገና ሲነሡ በፈጃቸው ነበር እንላለን።

ባለቤታችን የጠየቁን ስለ መጻሕፍቱ ቢሆንም፣ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የሚያስደንቀን የአንባቢዎቻቸው ጠባይ ነው። የታሪክ ወይም የሕግ መጽሐፍ የገዛ ሰው ገዝቶ ወደ ቤቱ ይገባል። የሳይንስ ልብ ወለድ የገዛ ሰው ግን ለሌላው ሳይናገር አያድርም። ይህ ልማድ እንዴት እንደ ተስፋፋ የሚያስረዳ ታሪክ አለ። ሁጎ ገርንስባክ የሚባል በሉክሰምበርግ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው በ1926 በሚያዝያ ወር «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት በኒው ዮርክ አቋቋመ። ዋጋው 25 ሳንቲም ነበር፤ በመጀመሪያው ዕትም ከወጡትም መካከል የቬርን፣ የዌልስና የኤድጋር አለን ፖ የቀደሙ ታሪኮች ነበሩ። ገርንስባክ ካደረገው ሁሉ ፍሬ ያፈራው ግን እርሱ ትንሽ ነገር ነው ብሎ ያደረገው ነው፤ ይኸውም አንባቢዎች የላኩለትን ደብዳቤ ሲያትም ከስማቸው በታች የቤታቸውን አድራሻ ጨምሮ ማተሙ ነው። በአንድ ከተማ ኖሮ ብቻዬን ነኝ ይል የነበረ ወጣት፣ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ መሰሉ እንዳለ በመጽሔቱ ዐወቀ። ከዚያ በኋላ ለመጽሔቱ መጻፍ ቀርቶ እርስ በርሳቸው ይጻጻፉ ጀመር፤ ማኅበርም አቆሙ፤ «ይህን ገዛሁ፣ ያንን አትግዛ» የሚሉ ትንንሽ ጋዜጦችንም በእጃቸው እያባዙ ተላላኩ።

በ1939 በሐምሌ ወር 200 የሚያህሉ አንባቢዎች በኒው ዮርክ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን አደረጉ። ሰው በተሰበሰበበት ጠብ አይጠፋምና፣ አዘጋጆቹ ከሌላው ማኅበር የመጡትን 6 ወጣቶች ከበር መለሷቸው። ከተመለሱት አንዱ ዶናልድ ወልሃይም በ1943 በትንሽ ዋጋ የሚሸጥ የዚህ ዓይነት ታሪኮች ስብስብ አዘጋጅቶ ለብዙ ሰው አዳረሰ፤ በ1971ም የራሱን የመጽሐፍ ማሳተሚያ ድርጅት አቋቋመ። በበር ላይ የቆሙትን ሰዎች ስም ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በ1953 ደግሞ ለተመረጠ መጽሐፍ ሽልማት መስጠት ተጀመረና በገርንስባክ ስም «ሁጎ» ተባለ፤ ዳኞቹም ሊቃውንት ሳይሆኑ የጉባኤው አባላት፣ ማለት አንባቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ስላደግን፣ ባለ ጕዳዩ ራሱ ዳኛ ሲሆን ማየት መጀመሪያ ደስ አላሰኘንም ነበር፤ በኋላ ግን መጽሐፉን በገንዘቡ የገዛ ሰው ቢፈርድበት አግባብ ነው ብለን ተቀበልነው።

በሥራ ቤታችንም ይህ ነገር የያዘን አራት አምስት ጓደኞች አለን። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከአንዳችን ቤት ተሰብስበን የገዛነውን በጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን። ደንባችን ብዙ አይደለም፤ አስቀድሞ በስንት እንደ ተገዛና አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑ ይነገራል፤ ያላነበበውን መጽሐፍ ያነበበ መስሎ የሚያመሰግን ሰው ቡና ያፈላል። መጨረሻውን ተናግሮ የሌላውን ደስታ የሚያበላሽ ግን ለሁለት ወር አይጠራም። ይህ ቅጣት እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ተፈጽሟል፤ የተቀጣውም ይህን የሚጽፈው ሰው ነበር።

እንግዲህ ከአራቱ ሦስቱን እናመልክት። የመጀመሪያው ሬይ ብራድበሪ በ1953 ያሳተመው «ፋረንሃይት 451» ነው፤ ደራሲው ወረቀት የሚነድበት ሙቀት ነው ብሎ ሰየመው። የጻፈው በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ለግማሽ ሰዓት 10 ሳንቲም እየከፈለ በሚከራየው የጽሕፈት መኪና ነበር። በታሪኩ ውስጥ እሳት አጥፊዎች እሳት ማጥፋታቸው ቀርቶ መጽሐፍ ያቃጥላሉ፤ ከዚህ የሸሹ ሰዎችም እያንዳንዳቸው አንዳንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው በዱር ይኖራሉ። ዳዊትን በቃሉ ይዞ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ከሌላው አንባቢ ጋራ አንድ ዓይነት ስሜት አያድርበትም፤ ለእኛ ሩቅ ምኞት ሳይሆን የታወቀ ሰፈር መሰለን። ጥቂት ነውና በሁለት ማታ ያልቃል።

ሁለተኛው የአሜሪካዊቷ የኦክታቪያ በትለር «ኪንድረድ» ነው፤ ትርጓሜው የሥጋ ዝምድና ማለት ሲሆን በ1979 ታተመ። በ1976 በካሊፎርኒያ የምትኖር ጥቁር ሴት በማታውቀው ኀይል እየተሳበች ባርነት ወዳልተሻረበት ወደ ሜሪላንድ ትሄዳለች፤ በዚያም ሕይወቱን እንድታድን የተገደደችለት ልጅ የባሪያ ጌታ ልጅና የገዛ ራሷ ቅድመ አያት ነው። የበትለር እናት በሰው ቤት በማጽዳት የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ አሠሪዎቿ የሚጥሏቸውን መጻሕፍት እየሰበሰበች ለልጇ ታመጣላት ነበር። ይህን መጽሐፍ ለአዋቂ እንጂ ለሕፃን አትስጡ፤ ግርፋቱ በእውነት ይሰማል።

ሦስተኛው የቻይናው የሊዩ ሲሺን «የሦስቱ አካላት ጥያቄ» ነው፤ በ2006 በመጽሔት ወጥቶ በ2008 በመጽሐፍ ታተመ፤ በእንግሊዝኛ ከተተረጐመ በኋላም በ2015 የሁጎን ሽልማት አገኘ። አባቷ በባህል አብዮት ጊዜ በሕዝብ ፊት ተደብድቦ ሲሞት ያየች ሴት ከሰው ልጅ ተስፋዋን ቈርጣ ወደ ሰማይ ስለ መጣራቷ የሚናገረው ክፍል እጅግ ያዘን። ስለ ፀሓዮቹ ስሌት የሚናገረው ግን ከብዶን ከመካከሉ ላይ ቆመናል፤ ስለዚህ እንደ ደንባችን ሙሉውን አናመሰግንም።

አራተኛውን ለመናገር ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። የእኅታችን ልጅ የ15 ዓመት ወጣት ነው። እናቱ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ። አባቱ ከኀዘኑ በኋላ ወደ ሩቅ አገር ሥራ ሄዶ፣ ገንዘብ ሳያቋርጥ ይልካል፤ ድምፁን ግን እምብዛም አያሰማም። ልጁ ከእኛ ጋራ ይኖራል፤ ንባብም ይወዳል። አንድ ቀን የሚያነበው ቢያጣ፣ ብዙም ሳናስብ የሜሪ ሼሊን «ፍራንክንስታይን» ከመደርደሪያው አንሥተን «ይህን አንብብ» ብለን ሰጠነው። እኛ ራሳችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ስንል ያነበብነው ነበርና፣ በአሳባችን የቀረው አስፈሪው ፍጥረት ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጧት፣ ቁርስ ላይ ሳለን፣ «ጋሼ፤ ያ ሰው የሠራውን ፍጥረት ገና ዓይኑን እንደ ገለጠ ለምን ጥሎት ሸሸ?» አለን። «ፈርቶ ነው» አልነው። «ምን አደረገውና?» ብሎ ዝም አለ። ባለቤታችን ጀበናውን ይዘው እንደ ቆሙ ቀሩ። እኛም መልስ አላገኘንም።

በዚያው ሌሊት መጽሐፉን እንደ ገና አነበብነው። ሜሪ ሼሊ በ1797 ስትወለድ እናቷ በ11ኛው ቀን ሞተችባት፤ ይህን ታሪክ መጻፍ የጀመረችው በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ገና በ18 ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ዓመትም የወለደቻት ሕፃን ብዙም ሳትቆይ ሞታባታለች። በ1818 ሲታተም ስሟ አልተጻፈበትም ነበር። ያ ስም እንኳ ያልወጣለት ፍጥረት በጫካ ሲንከራተት የወደቀ ሻንጣ አግኝቶ፣ በውስጡ የነበሩትን ሦስት መጻሕፍት ይህን አንብብ የሚለው ሰው ሳይኖር ብቻውን ያነባል። በወጣትነታችን ይህን ሁሉ አንብበን አልፈነዋል፤ ልጁ ግን አላለፈውም። አስቀድመን አስበን ቢሆን ኖሮ ያን መጽሐፍ አንሰጠውም ነበር፤ ባንሰጠውም ያን ጥያቄ አይጠይቀንም ነበር።

አባቱ ለፋሲካ መጥቶ ሰነበተ። ሊሄድ በተነሣበት ቀን ልጁ መጽሐፉን አምጥቶ፣ «አባባ፤ ይህን ያንብቡ» አለው። አባትየው ሽፋኑን አይቶ፣ «ልብ ወለድ ነውን? እኔ እኮ ልብ ወለድ አላነብም» ቢልም፣ ከሻንጣው ከተተው።

ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ማታ ስልክ ተደወለ። ያነሣነው እኛ ነበርን፤ እርሱ ግን ሰላምታውን አሳጥሮ ልጁን እንድንጠራለት ለመነን። ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ፤ የአባቱ ቃል አልተሰማንም፤ የልጁ ግን ተሰማን። «የት ደረሱ?» አለ፤ ቀጥሎም፣ «እዚያ ላይ አያቁሙ፤ ገና ነዎት» አለው። ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት አልገባም።

መጽሐፉ እስካሁን አልተመለሰልንም። አራተኛው ግዢያችን ሌላ ቅጂ ነው፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ገዛነው፤ ትናንት ከመደርደሪያው ብንፈልገው ግን አጥተነው፣ ከባለቤታችን ራስጌ አገኘነው።