ኮርቻው መቼ ይፈተሻል?

ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲጋልቡ ያየ ያውቀዋል፤ ኮርቻ የሚፈተሸው ፈረሱ ሳይነሳ ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ከተሻሻለ በኋላ፣ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር ማውጣት ቻሉ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መወሰዱን፣ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረም ተናገረ። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩበት፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶም ይፋ ወጣ።

ያኔ ዳንግላ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የሰፈሩ ወሬ ሁሉ «ማን ስንት ወሰደ?» ነበር። የራስ ያልሆነን ብር መውሰድ ጥፋት ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ዕቅዱስ? እሱን የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

የሰርቨር ሶፍትዌርም ሆነ ፈርምዌር ሲቀየር ወግ አለው። ባክአፕ ይያዛል፤ መጀመሪያ በሙከራ ማሽን ላይ ይታያል፤ ከዚያ ተራ በተራ እንጂ ሁሉም ባንዴ አይነካም። ቢበላሽ ወደ ነበረበት መመለሻው መንገድ፣ «አቁሙ!» የሚለውም ሰው አስቀድሞ ይታወቃል።

በእኔ እምነት ይህ የኢንጂነሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተማሪውን ፎቶ ማሳየት ቀላል ነው፤ ዕቅዱን ማን አጸደቀው፣ ማንስ ሞከረው ብሎ መጠየቅ ግን የእኛ የነገዎቹ ጋዜጠኞች ሥራ ነው። የወደቀውን ፈረሰኛ ብቻ ሳይሆን ኮርቻውን ያሰረውንም እንጠይቅ።