«አትደንግጡ» ማለት ምሰሶ አይሆንም!

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ ነበር፤ 2 ሰዓት እንዳለፈ። አዲስ አበቤው ራቱን አቅርቦ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ የልጆቹን የሰኞ ደብተር እያየ ሳለ አምፑሉ ተወዛወዘ። ብፌ ውስጥ ያለው ብርጭቆ እርስ በርሱ ተጋጨ። አልጋው በሰው እጅ የተገፋ ይመስል ወዲያና ወዲህ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የኮንዶሚኒየሙ ሕዝብ በነጠላ ጫማ፣ በካልሲ፣ በባዶ እግሩም ጭምር ደረጃውን ወረደው። እናት ሕፃን ታቅፋ፣ ሽማግሌ መደገፊያውን ይዞ፣ ጎረምሳው ሁሉንም ገፍትሮ… ምድር ላይ በጭቃ ቤት የሚኖረው ጎረቤት ግን ወጣ ብሎ «ምነው? ምን ሆናችሁ?» ይላል። እሱ ምንም አልተሰማውም!

ብዙዎች ይህን እንደ ተአምር አወሩት። ተአምር አይደለም። መንቀጥቀጡ የተነሣው ከመዲናይቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሞገድ ፈጣኑ ክፍሉ በመንገድ ላይ ይደክምና ዝግ ብሎ የሚወዘውዘው ይተርፋል። ይኸኛው ደግሞ አጭሩን ቤት እያለፈ ረጅሙን ፎቅ ያወዛውዛል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ውዝዋዜው ይብሳል። ከተማይቱን ወደ ሰማይ ስንሰቅላት ይህንንም አብረን ሰቅለነዋል ማለት ነው።

ነገሩ በዚያ እሑድ ቢያበቃ ኖሮ ተረት ሆኖ በቀረ ነበር። ግን አላበቃም። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል በሬክተር መለኪያ ወደ 5.8 የሚጠጋው መጣ። የካቲት 7 ዓርብ ሌሊት ደግሞ 6 ሆነ። «ከ5.8 እስከ 6 ምን አላት?» የሚል አይጥፋ። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚወጣው ጉልበት ወደ 32 እጥፍ ነው። ስለዚህ ያቺ ነጥብ ሁለት የምትባለዋ ጉልበቱን እጥፍ ታደርገዋለች።

እኛ በፒጃማ ስንወርድ፣ ዕዳውን የከፈለው ሌላ ነው። በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች አዋሳኝ ባሉ 12 ቀበሌዎች 80 ሺህ ያህል ሰው ለአደጋው የተጋለጠ መሆኑን መንግሥት ራሱ ተናግሮ ሰውን ማሸሽ ጀመረ። መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ከዶፈን ተራራ ሥር እንፋሎትና ጭቃ ተተፋ። ሳይንቲስቶቹ እንደሚሉት ከሥር የቀለጠ አለት በስንጥቁ ውስጥ እየሰረገ፣ ምድርን እንደ ሽብልቅ እየሰነጠቀ ነበር። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ ላይም ይኸው ሆኖ፣ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቦታ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል። የስምጥ ሸለቆ ልጆች ነን፤ ከዚህ የምንሸሽበት አገር የለንም።

«ድንገተኛ» የሚለውን ቃል ባለሥልጣናት ይወዱታል። ድንገተኛ የሆነ ነገር ተጠያቂ የለውማ! ግን ለመሆኑ የቱ ነው ድንገተኛው? ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. የተነሣው ከባድ መንቀጥቀጥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን አራውጧል። ያኔ ከተማይቱ በአብዛኛው ጎጆ ነበረች። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈራርሳለች፣ ካራቆሬ ተጎድታለች፣ ወደ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሳይቀር ተሰነጣጥቋል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሰርዶ ላይ ከ20 በላይ ሰው አልቋል። ይህን ሁሉ የዩኒቨርሲቲውን የጂኦፊዚክስ ማዕከል ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዌን በመጽሐፍ ሰብስበው ካሳተሙት ከ40 ዓመት በላይ ሆኗል። ሰዓቱ አይታወቅም እንጂ መምጣቱ የታወቀ ነው። ሰዓቱንማ በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም። «ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ይመጣል» እያለ በስልክ ወሬ የሚነዛውን ሁሉ ውሸታም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ያን ማታ የሠራነው ሥራ፣ ማለትም ደረጃውን መውረድ፣ ሊደረግ ከማይገባው ሁሉ ዋነኛው ነው። ብርቱ መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ የሚቆየው በሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ ነው። ከ4ኛ ፎቅ ሳትወርዱ ያልቃል። በዚያ መሐል ደረጃ ላይ መገኘት ማለት ሰው በሰው ላይ የሚወድቅበት፣ ብሎኬት የሚረግፍበት ቦታ ላይ መገኘት ነው። በጥር 2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ ከ5 በታች የሆነ መንቀጥቀጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አቁስሏል። ሕንጻው ወድቆባቸው አይደለም። ከመኝታ ክፍላቸው ለመውጣት ሲራወጡና ሲዘሉ ነው። ድንጋጤ ራሱ ከመሬቱ የባሰ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ፎቅ ላይ ያላችሁ፣ እዚያው ባላችሁበት በርከክ በሉ። ጠንካራ ጠረጴዛ ካለ ሥሩ ገብታችሁ እግሩን ያዙ፤ እሱ ሲሄድ አብራችሁ ሂዱ። ጠረጴዛ ከሌለ ከመስኮትና ከብፌ ርቃችሁ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ተጠግታችሁ ራሳችሁንና ማጅራታችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ። አልጋ ላይ ከሆናችሁ ትራሱን ራሳችሁ ላይ አድርጋችሁ እዚያው ቆዩ። የበር መቃን ሥር መቆም ያድናል የሚባለው የድሮ ምክር ነው፤ በዛሬው ቤት በሩ ከሌላው ግድግዳ አይበልጥም። ሊፍት በፍጹም! ሲያበቃ ብቻ ጫማ አድርጉ (የተሰበረ መስታወት የብዙ ሰው እግር ይበላል)፣ ቡታጋዙን ዝጉ፣ ከሰሉን አጥፉ፣ ቆጣሪውን አውርዱ፣ ከዚያ በደረጃው ሳትገፋፉ ውረዱ። ታች ስትደርሱም ከግድግዳው ሥር ቆማችሁ ወሬ አትጀምሩ። ተከታዩ መንቀጥቀጥ ሲመጣ የሚረግፈው በረንዳና የፊት መስታወት የሚያገኘው እዚያ የቆመውን ነው። ወደ ሜዳው ሂዱ፤ ሜዳ ካለ።

በአንድ ክፍል ጭቃ ቤት የሚኖረው ወገናችንስ? ቆርቆሮና ጭቃ ከቤቶን ይቀልላል። በሩ ሁለት እርምጃ ላይ ሆኖ ደጁ ክፍት ከሆነ መውጣቱ ይሻለዋል። ግን የድንጋይ አጥርና የመብራት ምሰሶ ሥር እንዳይቆም። የከሰል ምድጃ ተገልብጦ ሰፈር እንዳያቃጥል የማንም ምክር ሳይጠበቅ ዛሬውኑ ቦታውን ማስተካከል ይቻላል። ብፌውን በሁለት ሚስማር ከግድግዳ ማሰር፣ ከአልጋ ራስጌ የተሰቀለውን መስታወት ማውረድ፣ ባትሪና አንድ ጀሪካን ውኃ በር አጠገብ ማስቀመጥ… ይህን ያህል ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም።

እስከዚህ ያለው የሕዝቡ ድርሻ ነው። ጠረጴዛ ሥር መግባት ግን የሚያድነው ጣራው ከቆመ ነው። ጣራው ከተደረመሰ ጠረጴዛው ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ነው «አትደንግጡ» የሚሉንን ሰዎች የምንጠይቀው።

አገሪቱ ሕንጻ መንቀጥቀጥን እንዲችል ሆኖ እንዲሠራ የሚያዝዝ ደንብ ከሌላት ይሻል ነበር፤ ቢያንስ አላወቅንም ይባላል። ግን አላት። እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል፣ በ2015 ተሻሽሏል። የሕንጻ አዋጁም ቁጥር 624/2001 ተብሎ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል። ወረቀቱ አልጎደለም። የጎደለው ምሰሶው ውስጥ ያለውን ብረት የሚቆጥር ሰው ነው። የ4 ፎቅ ፈቃድ ወስዶ 6 የሚያደርሰው፣ ከታች ያለውን ግድግዳ አፍርሶ ለሱቅ የሚያከራየው፣ ጣራው ላይ ሦስት ሮቶ ውኃ የሚቆልለው በየሰፈሩ አለ፤ የሚያልፍ የሚያገድም ያየዋል። የወረዳው መሐንዲስ ብቻ ነው የማያየው? በተለይ ምድር ቤቱ ሁሉ ሱቅ ሆኖ በቀጭን ምሰሶዎች ላይ የቆመ ፎቅ፣ ሲወዘወዝ ከጉልበቱ የሚታጠፈው እሱ ነው። ይህ የእኛ ግምት አይደለም፣ በየአገሩ በፍርስራሽ የተጻፈ ነው።

ቱርክን ያየ ይፍረድ። እዚያም ደንቡ ነበረ፣ ያውም ጥሩ ደንብ። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ምርጫ ሲቃረብ መንግሥት «ያለ ፈቃድ የሠራችሁ ገንዘብ ክፈሉና ሕጋዊ ሁኑ» አለ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ምድሪቱ 7.8 ተናወጠች፤ በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ሥራ ተቋራጮች ታሰሩ። የታሰሩት ሙታኑን አያስነሡም። የቅጣት ደረሰኝ ቆርጦ ሕንጻውን እንዳለ መተው እኛም አገር የማናውቀው ነገር አይደለም።

በእርግጥ ከመንቀጥቀጡ በኋላ የጥንቃቄ መልእክት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተላልፏል፣ አንክድም። የዩኒቨርሲቲው ምሁራንም ስልክ ዘግተው አልተቀመጡም፤ ቀን ከሌት ሲያስረዱ ነበር። ግን በሬዲዮ የሰማ ሁሉ ተለማመደ ማለት አይደለም። ደወል ተደውሎ ልጆች ዴስክ ሥር የሚገቡባቸው ት/ቤቶች ስንት ናቸው? ሆስፒታሎቻችንስ ራሳቸው የሚቆሙ ናቸው? ከየካቲት 7 በኋላ በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በሐዋሳ ስንት የሕዝብ ሕንጻ ተመረመረ፣ ስንቱ «ይጠገን» ተባለ፣ ስንቱስ «ይልቀቁ» ተባለ? ዝርዝሩ ይውጣ! የመንግሥት ምስጢር አይደለም። የሚኖርበት ሕዝቡ ነው።

ሌላም አለ። በየሰፈሩ ሰው ወጥቶ የሚቆምበት ሜዳ የት እንደሆነ በወረዳ በር ላይ ይለጠፍ። ያን እሑድ ማታ ሕፃን ታቅፈው የወረዱት እናቶች የቆሙት መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ በሁለት ባለ 12 ፎቅ ሕንጻዎች መሐል ነው። ሌላ ቦታ አልነበረማ።